የእትዬ ሳፋ

ንቧ የእግሯ ጣቶች መቅላት የጀመሩበትን ቀን ብትጠየቅ አታመነታም። እትዬ አንዲት ሻንጣና አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ሳፋ ይዘው ቤቷ በገቡ በስምንተኛው ቀን ነው። እሳቸው በገቡበት ሳምንት ሌላም ነገር ሆኗል፤ በምትሠራበት የአበባ ማሸጊያ ከእቅፍ አሳሪነት ወደ ማቀዝቀዣ ክፍል አለቃነት አድጋለች። ግን እስቲ ንገሩኝ፣ ሹመቱን የሚጠረጥር ሰው የት አለ? ለዚያውም ቤት ውስጥ የሚጠረጠር እንግዳ ተገኝቶ።

"ንቧ" ያሏት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው። እጇ ፈጣን ነው፤ ሌላው አሥር የአበባ ዘንግ ቆጥሮ ሳይጨርስ እሷ ሃያውን አስራ፣ ላስቲክ አልብሳ፣ ባልዲ ውስጥ ትከታለች። ምላሷ ደግሞ ይናደፋል። ስሙን ወዳዋለች፤ ባሏ ሳይቀር "ንቤ" ይላታል። ባሏ ጎሚስታ ነው። ከዋናው መንገድ ዳር በቆርቆሮ በተሠራች ሱቅ ውስጥ ጎማ ሲለጥፍ ይውላል፤ ከሰው ወሬ ይልቅ የሚያዳምጠው የሚተነፍስ ጎማ ነው እያሉ ይቀልዱበታል። እትዬ የሱ ታላቅ እህት ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ እሱ የአራት ዓመት ልጅ፣ እሳቸው ደግሞ ገና የአሥራ ስድስት ዓመት ልጃገረድ ነበሩ። አዝለው፣ አብልተው፣ ፊደል አስቆጥረው ለወግ ለማዕረግ ያበቁት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ሞቶ፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ የኖሩበትን ቤት የባላቸው ዘመዶች ሲወስዱባቸው ወንድም "እኔ እያለሁ የት ትሄጃለሽ?" ብሎ አመጣቸው። ንቧም እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን በአፏ ነው።

እትዬ በገቡ ማግስት ንቧ ከሥራ ስትመለስ ከወንበሯ ፊት እንፋሎቱ የሚትጎለጎል ውሃ የሞላ ሳፋ ጠበቃት። እትዬ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው "ስትቆሚ ነው የዋልሽው፣ እግርሽን ክተቺው" አሉ። "ኧረ እትዬ፣ ለምን ይለፋሉ?" አለች ንቧ። እሳቸው ፎጣውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው ወደ ማድ ቤት ገቡ። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሏታል። ቀኑን ሙሉ በረዶ ውስጥ የዋለ እግሯን ያ ውሃ ሲነካው "እፎይ" የሚል ድምፅ ሳታስበው ከአፏ ወጣ። ነገር ግን እግሯ ሳፋው ውስጥ ሆኖ ልቧ ውጭ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ሰው ያለ ምክንያት የሰው እግር ማጠቢያ አያሞቅም፤ ንቧ ያደገችው በእንጀራ እናት ቤት ነው፣ እዚያ ቤት የተሰጠ ነገር ሁሉ ቆይቶ ይጠየቃል።

ሁለተኛው ነገር ቋጠሮዋ ናት። እትዬ ውሃውን ካቀረቡ በኋላ ከደረታቸው አንዲት የጨርቅ ቋጠሮ አውጥተው፣ ፈተው፣ በሁለት ጣት ቆንጠር አድርገው ውሃው ላይ ይበትናሉ። ከንፈራቸውም ይንቀሳቀሳል። ምን እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ጨው ናት ልጄ፣ ለድካም ጥሩ ናት" አሏት። ጨውማ ማድ ቤት በጣሳ ሙሉ አለ። ጨው ለሆነ ነገር ምን ቋጠሮ አስፈለገው? ምንስ ደረት ውስጥ አስገባው? ንቧ ይህን ጥያቄ ዋጠችው፤ ሆዷ ውስጥ ግን አልተፈጨም።

ሦስተኛው ጫማዋ ነው። ማለዳ ልትወጣ ስትል ጫማዋን ካስቀመጠችበት አታገኘውም። እትዬ ወስደው ምድጃው አጠገብ አድርገውት፣ ውስጡ የጋለ ሆኖ ያቀብሏታል። የወንድማቸውን ጫማ ግን አይነኩትም። ይህንንም ልብ አለች።

ጣቶቿን ያን ሰሞን ነው የጀመራቸው። በግራ እግሯ መሃለኞቹ ሁለቱ፣ ከዚያ ትንሿ፣ ከዚያ ቀኙም ተከተለ። እንደተላጠ ቀይ ሥር ቀሉ፣ አበጡ፣ ቆዳቸው ተወጥሮ አበራ። ቀን ቀን ሥራ ላይ ደንዝዘው ይውላሉ፤ አመሻሹ ላይ ግን ማሳከኩና ማቃጠሉ አንድ ላይ ይነሳባታል። ስታካቸው ያማታል፣ ስትተዋቸው ያሳክካታል። ብርድ ልብሱ ሲነካቸው እንኳ ትዘላለች።

አንድ ጠዋት በመቀየሪያ ክፍል ጫማዋን አውልቃ የሥራ ቦቲዋን ልታጠልቅ ስትል ባልደረቦቿ አዩት፤ ምክር የማይከፈልበት ነገር ነውና ተረባረቡባት። አንጋፋዋ አሻጊ "ሪህ ነው፣ ሥጋ ታበዣለሽ" አለቻት። "ሥጋውን የት አግኝቼ?" አለች ንቧ። ጫኙ ጫማሽ ጠቦሽ ነው አለ። የመጋዘኑ ጸሐፊ ፊቱን አክብዶ፣ አጎቱን ስኳር ሲጀምረው ልክ እንዲህ በጣቶቹ እንደነበረ ተረከላት፤ የአጎቱን መጨረሻ ግን አልነገራትም፣ እሷም አልጠየቀችም። ጥበቃው ጥፍርሽን ስትቆርጪ ወደ ሥጋ ገብቶብሽ ነው አለ። ሁሉንም ሰማች፣ ሁሉንም መረመረች፤ እሷ እንዲሁ የምታምን ሰው አይደለችማ። ስኳሯን ተለካች፣ የለባትም። አንድ ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ገዛች፣ ለውጥ የለም። ጥፍሯን በመብራት አየች፣ ደህና ነው። ፋርማሲስቱ ፈንገስ ይሆናል ብሎ ቅባት ሰጣት፤ ቅባቱ አልቆ ጣቶቹ ባሉበት አሉ።

ክሊኒክ ሂጂ ያላት አልጠፋም። ግን ክሊኒክ ወረቀት ይጽፋል፣ ወረቀቱ ኃላፊው ዘንድ ይሄዳል፣ ኃላፊው ደግሞ ማቀዝቀዣ ክፍል ጤነኛ ሰው ነው የሚፈልገው ብሎ ወደ እቅፍ ማሰር ይመልሳታል። ስድስት ዓመት የጠበቀችው ሹመት ነው። ስለዚህ ቦቲዋን አጥልቃ፣ ጥርሷን ነክሳ ሁለት ዲግሪ ብርድ ውስጥ ትቆማለች። አንድ ዕለት የፅዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ተደግፋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ቤትሽ አዲስ ሰው ገብቷል እንዴ?" አለቻት። ሌላ ምንም አልጨመረችም። መጨመርም አላስፈለጋት።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ንቧ ከዚያን ቀን ጀምሮ በገዛ ቤቷ ሰላይ ሆነች። እትዬ ሲያጎነብሱ ታያለች፣ ሲነሱ ታያለች። እትዬ ዝም ካሉ ምን እያሰቡ ነው፣ ከሳቁ ምን አግኝተው ነው። ሕመሟንም አንድ ቀን አልነገረቻቸውም፤ ጠላት ደስ እንዳይለው ብላ ነው። እሳቸው ውሃውን አቅርበው ዞር ስለሚሉ ጣቶቿን አላዩም፤ እሷ ግን ያላዩ መስለው ነው ብላ ደመደመች። የሰፈር ሰው "እኚህ ሴት እግራቸው ደረቅ ነው፣ ባላቸውንም የቀበሩት በጊዜ ነው" ሲል ሰምታ ያንንም ከሌላው ጋር አከማቸች።

መሃል ላይ እትዬ ከቀድሞ ቤታቸው የቀረ ዕቃ ሊያመጡ ሄዱና ሁለት ሳምንት ቆዩ። ንቧ ያን ሰሞን ከሥራ ስትመጣ ካልሲዋን ቀይራ እንዲሁ ትቀመጣለች፤ ለራሷ ውሃ የምታሞቅበት ምን ጉልበት አላት። ጣቶቹ በአራተኛው ቀን ቀለል አሏት። በአሥረኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ። እትዬ ተመለሱ፣ ሳፋው ተመለሰ፣ በሦስተኛው ቀን ጣቶቹ ተመልሰው ቀሉ። ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ይመጣል? ዳኛም ቢሆን ፋይሉን ይዘጋ ነበር።

አንድ ቀን እትዬ ገላቸውን ሲታጠቡ ቋጠሮዋን ልብሳቸው መሃል አገኘቻት። በሩን እያየች ፈታቻት። ጨው ነበር፤ ከጨውም ጋር የተፈጨ ደረቅ ቅጠል። ጥቂት በወረቀት ጠቅልላ ለፋርማሲስቱ ወሰደች። እሱም አሸተተውና "ጨውና ቅጠል ነው" አላት። ምን ቅጠል እንደሆነ ስትጠይቀው፣ እኔ የማውቀው በፓኬት የመጣውን ነው፣ ብቻ መርዝ አይመስለኝም አለ። ንቧ ወደ ቤቷ ስትሄድ ያቺን "አይመስለኝም" መንገዱን ሁሉ ስታላምጣት ነበር። አይደለም አላለም እኮ።

እሁድ ጠዋት ጓሮ ውስጥ ባሏ ፊቱን ሲታጠብ ጠብቃ ሁሉንም ዘረገፈችው። ሳፋውን፣ ቋጠሮውን፣ የጋለውን ጫማ፣ የሁለቱን ሳምንት እፎይታ። ጎሚስታው ሳሙናው ፊቱ ላይ እስኪደርቅ ሰማት። ከዚያም እህቴ የሰው ቤት ጨው ሳታስፈቅድ መንካት ስለማትወድ ነው ቋጠሮ የያዘችው፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዲሁ ናት አለ። የሱን እግር እትዬ ለምን እንደማያሞቁ ስትጠይቀው፣ ጠይቀውት በጎማ በጠቆረ እግሩ አፍሮ እምቢ እንዳላቸው ነገራት። ንቧ ለሁሉም መልስ ነበራት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

"ያሳደገችኝ እኮ ናት፣ ንቤ" አለ በመጨረሻ።

"አንተን አሳድገዋል። እኔን ግን እየገደሉኝ ነው። እግሬ ተቆርጦ እስኪጣል ነው የምትጠብቀው? ወይ እሳቸው ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውጣ።"

እሱ አፉን ሳይከፍት የማድ ቤቱ በር ተንቀሳቀሰ። እትዬ ባዶ ሳፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። ለምን ያህል ጊዜ እንደቆሙ የሚያውቅ የለም። ወንድማቸውን አላዩትም፤ እሷን ነው ያዩት።

"ልጄ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምሽ?" አሉ። "ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ?"

ንቧ ይህንንም ማስመሰል ነው ብላ ፊቷን አዞረች። እትዬ አልተከራከሩም፣ አላለቀሱም፣ ወንድማቸውን አማላጅ አላደረጉም። ሻንጣቸውን ይዘው ወጡ፤ ሳፋውን ጥለውት ሄዱ። ወንድማቸው ቱታውን እንኳ ሳይቀይር ተከትሏቸው ወጣና ማታ ለብቻው ተመለሰ። ከገበያው ጀርባ አንድ ላውንደሪ ውስጥ የካውያ ሥራ እንዳገኙና እዚያው ጓዳ ውስጥ እንደሚያድሩ ተናገረ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከ"እሺ"ና ከ"እንጃ" ሌላ ቃል አልተነፈሰም። እሁድ እሁድ ግን ሳሙናና ስኳር ገዝቶ ላውንደሪው ጋ ይሄዳል። ንቧም አልከለከለችውም፤ በሆዷ ግን እርር ድብን ትላለች።

ጣቶቹ ዳኑ። በሦስት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ጠፋ፣ የቀላው ቆዳ ተላጠ፣ ማሳከኩ ቆመ። ንቧ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። አንድ ምሽት ራት ከበሉ በኋላ ሁለቱን ባዶ እግሮቿን በርጩማው ላይ ዘርግታ መብራቱን አስጠጋችና ባሏን ጠራችው።

"ቁጠራቸው" አለችው። "አሥሩም ደህና ናቸው። እሳቸው ከወጡ ወዲህ አንድ ቅባት አልቀባሁም። አሁንስ ምን ትላለህ?"

ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ አየ። እያንዳንዷን ጣት አየ። ቀና ሲል ፊቱ ያረጀ መሰለ። "እንግዲህ ምን እላለሁ" አለ። የሚቀጥለው እሁድ ሳሙናም ስኳርም አልገዛም። የዚያኛውም እሁድ እንደዚያው። ወደ ሱቁ ሲሄድ እንኳ በገበያው ጀርባ ማለፍ ትቶ በረጅሙ መንገድ መዞር ጀመረ። ንቧ አሸነፈች፤ ቤቷ የራሷ፣ እግሯ የራሷ፣ ባሏ የራሷ ሆነ። ባሏ ግን ከአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ማየት አበዛ።

ሁለት ወር ያህል እንዳለፈ ድርጅቱ ነርስ አስመጣ፤ የማቀዝቀዣ ክፍል ሠራተኞች በዓመት አንዴ እንዲታዩ ሕግ ወጥቷል ተብሎ ነው። ነርሷ ወፍራም መነጽር ያደረገች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። የክፍሉን አምስት ሴቶች በተርታ አስቀምጣ ቦቲ አስወለቀቻቸው። የሦስቱ ጣት ቀይ ነው፣ ያበጠ ነው፣ ቆዳው ያበራል። ንቧ አየችና ደነገጠች፤ እትዬ የነሱ ቤት አልገቡማ።

"ከዚህ ስትወጡ እግራችሁን ምን ታደርጉታላችሁ?" አለች ነርሷ። አንዷ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ እንደምትደግፈው ተናገረች። ሌላዋ ትኩስ ውሃ በላስቲክ ሞልታ እግሯ ሥር ታደርገዋለች። ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። ብርዱ ብቻውን አይደለም፣ አለች፤ ቆዳው ሥር ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች በብርድ ይኮማተራሉ፣ በአንዴ ሲሞቁ ደሙ ተንደርድሮ ይመጣና መሄጃ ያጣል፣ ያኔ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ያቃጥላል። የቀዘቀዘ እግር ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው። ደረቅ ካልሲ፣ ደረቅ ጫማ፣ ትንሽ መንቀሳቀስ፤ እሳትና የፈላ ውሃ አታሳዩት። የቆሰለበት፣ ወይም በጥቂት ሳምንት ያልዳነለት፣ ወይም ስኳር ያለበት ሰው ካለ ግን ሐኪም ይየው አለች።

ከዚያ የንቧ ተራ ደረሰ። ነርሷ እግሯን አገላብጣ ተልጦ የታደሰውን ቆዳ ዳሰሰች። "አንቺም ነበረብሽ፣ ግን ድነሻል። ምን አድርገሽ ነው?"

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። "ትኩስ ውሃ ተውኩ" አለች።

"ጎሽ። ማን ነገረሽ?"

በዚያች ቅጽበት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ማንም አልነገረኝም ብላ ቦቲዋን ሳበች።

አሁንም ቢሆን ንቧ ናትና ወዲያው አላመነችም። ነርሷስ ብትሆን ማን ናት? የድርጅቱ ደሞዝተኛ። አመሻሹ ላይ ባሏ ሳይመጣ ያንን ሰማያዊ ሳፋ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። በገዛ እጇ ውሃ አፈላች፣ በገዛ እጇ ቀዳች። ጨው የለ፣ ቅጠል የለ፣ ቋጠሮ የለ። ከሥራ እንደመጣች በረዶ የሆነ እግሯን ከተተችው። በማግስቱም፣ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከአልጋዋ ስትነሳ ጣቶቿ ቀልተው፣ አብጠው፣ እያቃጠሉ ጠበቋት። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ እያየቻቸው አለቀሰች። ያለቀሰችው አሟት አይደለም።

በዕረፍት ቀኗ እያነከሰች ወደ ላውንደሪው ሄደች። እትዬ የአንሶላ ክምር መሃል ቆመው ይተኩሳሉ። ከስተዋል። ገና ሲያዩዋት ካውያው እጃቸው ላይ ቆመና "ወንድሜ ደህና ነው?" አሉ። ደህና ነው አለቻቸው። ከዚያ ቁጭ ሳትል፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ የጠረጠረችውን፣ ቋጠሮዋን ፈትታ ማየቷን፣ ነርሷ ያለችውን፣ ራሷ በሳፋው የሞከረችውን። አንዱንም አልደበቀችም። መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጀው የመጣችውን ይቅርታ ለመጨረሻ አቆይታው ነበር፤ ግን አልደረሰችበትም።

እትዬ ካውያውን አቁመው ሶኬቱን ነቀሉ። "ታዲያ እኔ ነኝ ማለት ነው ያሳመምኩሽ" አሉ።

"የለም እትዬ! ሙቀቱ ነው። እርስዎ በደግነት ነው ያደረጉት። በክፉ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።"

"እኔ እኮ" አሉ እትዬ፣ እሷ የተናገረችውን የሰሙ አይመስሉም፣ "ወንድሜ ያለ ጥፋቴ ቀረብኝ ብዬ ስንት እሁድ በር በሩን እያየሁ ዋልኩ። በሆዴ ተቀይሜው ነበር። ለካ ልጁ አልተሳሳተም።"

ንቧ ጉልበታቸው ላይ ልትደፋ ስትል ትከሻዋን ይዘው አንሶላው ላይ አስቀመጧት። ጫማሽን አውልቂ አሏት። እንደ ልጅ ታዘዘች። እትዬ ተንበረከኩና ካልሲዋን በጥንቃቄ ስበው ጣቶቿን አዩ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያዩዋቸው። አልነኳቸውም። ለመንካት ፈርተው እጃቸውን መልሰው ጉያቸው ውስጥ ደበቁት።

"ይቅር በይኝ ልጄ" አሉ።

ይቅርታ ልትጠይቅ የመጣች ሴት ይቅርታ ተጠየቀች። ያ የሚናደፍ ምላስ የት እንደገባ እንጃ፤ ቤትዎ ይመለሱ፣ እባክዎ ይመለሱ ከማለት ሌላ ቃል አጣች። እትዬ ራሳቸውን ነቀነቁ። አሁንስ ወንድሜን ማየት አፍራለሁ አሉ። ተነስተው ሶኬቱን መልሰው ሰኩና ካውያው እስኪግል ጀርባቸውን ሰጧት።

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪልኝ" አሉ ሳይዞሩ። "ባላውቅ ነው በይልኝ።"

ንቧ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደች። ጎሚስታው ጎማ ውሃ በርሜል ውስጥ ደፍቆ አረፋ የሚወጣበትን ይፈልጋል። ባለ ጎማው ሰውዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል። ሰው አለ ብላ አላቆየችውም፤ ብታድር ልቧ እንደሚከዳት ታውቃለች። ቆማ ተናገረች። ስለ ነርሷ ስትነግረው ጎማውን ማዞር አቆመ። ራሷ በሳፋው እንደሞከረች ስትነግረው ጎማውን ለቀቀው፤ ተንሳፍፎ ወጣ። እትዬ ጋ እንደሄደች ስትነግረው ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ።

"ምን አለች?"

"ባላውቅ ነው በይልኝ አሉ።"

ውሃው ከጎሚስታው ክርን እየተንጠባጠበ ቱታውን አራሰው።

"እሷ ባታውቅ ነው" አለ። "እኔ ግን እያወቅኳት ነው የተውኳት።"

እጁን ሳይታጠብ፣ ሱቁን ሳይዘጋ ወጣ። ረጅሙን መንገድ ትቶ በገበያው በኩል ታጠፈ፤ ከሰው መሃል ጭንቅላቱ እስኪጠፋ ድረስ እየሮጠ ነበር። ባለ ጎማው ሰውዬ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ፣ ጎሚስታው ስንት ሰዓት እንደሚመለስ ንቧን ጠየቃት። አታውቅም ነበር።